ባለደሜን ፍለጋ

ሎፔሪ፣ ሰሜን ኬንያ
ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ ለወ/ሮ ነሲባ፤ አልዩ አምባ

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህ ወረቀት እርስዎንና ልጅዎን ያዕቁብን በደህና ያግኛችሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ የበረታብኝ ሙቀቱ ብቻ ነው።

ድንገት ሲደርስዎ “ይህ ደግሞ ማነው?” ማለትዎ አይቀርም። የአባትዎ የታላቅ ወንድም የልጅ ልጅ ያሕያ ነኝ፤ የዓብዱራህማን ልጅ። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ስላደግኩ እናንተ ዘንድ የወረድኩት በልጅነቴ፣ ያውም ለአንድ ሠርግ ነው። አባቴ አምና ሊያርፍ ሲል ቆላ ያለችውን ነሲባን አትርሳት፣ ከእኔ ወገን የቀረችህ እሷ ናት ብሎኝ ነበር። ያለሁበት በረሃ ስልክ ስለማይሠራ በደብዳቤ ጀመርኩ። ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አጠገብ ብርድ ልብስ የሚሸጠው ጓደኛዬ ይሁኔ ተቀብሎ ወደ እርስዎ ይልከዋል።

እዚህ የውኃ ጉድጓድ በሚቆፍር ድርጅት ውስጥ የማሽን ቴክኒሽያን ነኝ። የአካባቢው ሰዎች ከብት አርቢዎች ናቸው። ንጉሥም ሹምም የላቸውም፤ ፖሊስ ጣቢያው የአንድ ቀን መንገድ ይርቃል። ባለፈው ሳምንት ጎሕ ሲቀድ የጎረቤት ጎሣ መጣና ከብቱን ነዳው። እኛ ከመኪናው ሥር ተኝተን ተኩሱን ሰማን። ስንወጣ በዋዜማው ማታ ወተት ያጠጣኝ ሰውዬ በረቱ በር ላይ ወድቋል፤ ዓይኑ እንደተከፈተ።

አለቃዬ ገብረአማኑኤል የአንኮበር ሰው ነው። መንግሥት የማይደርስበት አገር እንዲህ ነው፣ እኛ ከዚህ የወጣነው በአያቶቻችን ጊዜ ነው አለኝ። እውነቱን ነው አልኩ። ስለ አገር ይጻፉልኝ፤ የሰላም ወሬ መስማት አምሮኛል።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው።
ያሕያ ዓብዱራህማን


አልዩ አምባ
መጋቢት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለያሕያ

ወዐለይኩም ሰላም ወረሕመቱላህ። አላህ ከዚያ በረሃ በሰላም ያውጣህ። የዓብዱራህማን ልጅ ከባሕር ማዶ ጻፈልኝ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ። እኔው ነኝ የምጽፍልህ፤ በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኳት ፊደል እስካሁን አልከዳችኝም። የተጣመመውን አቃንተህ አንብብ።

የጻፍከውን ለያዕቁብ ሳነብለት ምግቡን ትቶ ተነሣ። እኔም ደነገጥኩ። ሰው ሲሞት የሚዳኝ የሌለበት አገር እንዴት ይኖራል? እኛ እኮ ቀበሌ አለን፣ ወረዳ አለን፣ ፍርድ ቤት አለን። ልጅ ሳለሁ አጎቴን በመስኖ ውኃ ጠብ አንድ ሰው ገደለው። ወንዶቻችን ጠመንጃቸውን ሲያነሡ አባቴ በር ላይ ቆሞ ለመንግሥት ትተነዋል አለ። ገዳዩ ተይዞ አንኮበር ተፈረደበት፤ ዕድሜውን እስር ቤት ጨረሰ። የሱ ልጆችና የኛ ልጆች ዛሬ በአንድ ገበያ ይሸጣሉ። ያን ጊዜ ጠመንጃው ቢወጣ ኖሮ ያዕቁብን የምወልድ ይመስልሃል?

ያዕቁብ ካልክ፣ አድጓል፤ በሬ ነው የሚያክለው። የብርቱካኑን ማሳ ለሱ ለቅቄለታለሁ። ለየዛፉ የደንበኞቹን ስም አውጥቶ፣ የትኛዋ ለጋስ የትኛዋ ንፉግ እንደሆነች ሲያወራ ያስቀኛል። ለከርሞ ኢንሻአላህ እንድረዋለን፤ ልጅቷን አይቼ ወድጃታለሁ። ውኃ ቆፋሪ ከሆንክስ ከወንዙ የሚስብ ትንሽ ፓምፕ የምናገኝበትን ንገረን። በገንቦ ማመላለሱ ጎኑን ጎዳው።

ከዚያ አገር ቶሎ ውጣ።
አክስትህ ነሲባ


ሎፔሪ
ሰኔ 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወ/ሮ ነሲባ

አሰላሙ ዐለይኩም። የእጅዎን ጽሕፈት ሳይ ከእናት የተጻፈልኝ ያህል ተሰማኝ፤ አላህ ያክብርልኝ። የፓምፑን ነገር ለይሁኔ ጽፌለታለሁ፤ ደብረ ብርሃን ሲገባ ያስታውቃችኋል።

ያየሁትን ልንገርዎ፤ ከግድያው ይልቅ ይህኛው አስደነገጠኝ። ከብቱን የነዱት ሰዎች ተመልሰው መጡ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ከብት እየነዱ። ገብረአማኑኤል ሞተሩን አስነሥቶ እንሽሽ ሲል ሎኮዴ የሚባሉት አዛውንት በእጃቸው ተዉ አሉን። ሁሉም ከአንድ ግራር ሥር ተቀመጡ። ያን ወተት ያጠጣኝን ሰው የገደለው ጎረምሳ ተነሥቶ እኔ ነኝ አለ፤ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የት ቆሞ እንደተኮሰ ተናገረ። የሟቹ ወንድም ፊት ለፊቱ ነበር። የዕርቅ በሬ ታረደ፤ ሁለቱ ከአንድ ጉበት ቆርሰው ተጎራረሱ። እኔ ተነሥቼ ወደ ማሽኑ ሄድኩ፤ ማየት አልቻልኩም።

ጻድቃን ናቸው ማለቴ ግን አይደለም። ሎኮዴን ሰላሙ ይቆያል ወይ ብዬ በአስተርጓሚ ብጠይቃቸው እስከሚቀጥለው ድርቅ አሉኝና ሳቁ። ለጉድጓዱ ስንዘዋወር ሰው ያልተገደለበት ቤት አላገኘሁም። ሎኮዴ ራሳቸው ወንዶች ልጆቻቸውን ሁሉ በዚሁ ከብት ዘረፋ ቀብረዋል። እርስዎ ስለ አባትዎ የጻፉልኝ ነገር እዚህ ቢኖር ብዬ ስንቴ ተመኘሁ።

አንድ ቀን ግን እኚሁ ሰውዬ በአገራችሁ ጦርነት አለ ወይ አሉኝ። አለ አልኩ። ስንት ሰው ሞተ ሲሉኝ ቆጥሮ የሚያውቅ የለም፣ ከዚህ አገር ሰውና ከብት ተደምሮ ይበልጣል አልኳቸው። አስተርጓሚውን ደግመህ ተናገር አሉት። ከዚያ፣ “ሲያበቃስ ማን ከማን ጋር ይቀመጣል?” ብለው ጠየቁኝ። ትልልቆቹ ይፈራረማሉ አልኩ። ልጁ የሞተበት ሰውዬስ ከማን ጋር ይቀመጣል አሉ። እንደ በሽተኛ አዩኝ አክስቴ።

ጦርነቱ ወደ እኛም አካባቢ መጣ ይባላል። እውነት ነው?

ያሕያ


አልዩ አምባ
ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ያሕያ፣ አላህ በያለህበት ከለላ ይሁንህ።

ይህን ቶሎ ቶሎ የምጽፈው የበርበሬ ነጋዴው ዛሬ በእግሩ ወደ አንኮበር ስለሚወጣ ነው። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ስልኩ ከጠፋ ቆየ። የታጠቁ ሰዎች ልንጠብቃችሁ ነው ብለው መጡ፤ እነሱ ሲሄዱ ሌሎቹ ልንጠብቃችሁ ነው ብለው መጡ። ሁሉም ማኅተም አላቸው፣ ሁሉም አለቃ አላቸው፣ የአለቃቸው አለቃ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። አንዱን ኬላ ለማለፍ ፈቃድ ብንጠይቅ ከበላይ ይመጣል ይሉናል። የበላዩን ያየ የለም። ቀበሌው ተቆልፏል።

ብርቱካኑ ደብረ ብርሃን መድረስ ስላልቻለ ያዕቁብ እዚሁ ገበያ ይሸጠዋል። ሠርጉን ገፋነው። ፓምፑን ተወው፤ መንገድ ላይ የሚቀር ዕቃ ነው። ከቀናህ ለደም ግፊቴ መድኃኒት በይሁኔ በኩል ላክልኝ። ኢንሻአላህ ያልፋል። እኛ አገር መንግሥት መቼም አይጠፋም።

ነሲባ


ሎፔሪ
ጥር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወ/ሮ ነሲባ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። መድኃኒቱን በሁለት ሰው ልኬአለሁ፤ አንዱ እንኳ ይደርስ ይሆናል።

ከይሁኔ አጭር መልእክት ደረሰኝ። አልዩ አምባ ገበያ ላይ አንድ ነገር ወድቋል፣ ሰው ተጎድቷል፣ ሌላ የማውቀው የለም ይላል። ስልክ ወደሚሠራበት ከተማ ወጥቼ ቀኑን ሙሉ ደወልኩ፤ ማንንም አላገኘሁም። እባክዎን አንድ ቃል ብቻ ይጻፉልኝ። ያዕቁብ ይጻፍልኝ፤ ስለ ዛፎቹም ቢሆን። ሥራ እጄ ላይ አይገባም። ገብረአማኑኤልም ቤተሰቡ አንኮበር ስላለ ሰው ማናገር ትቷል።

ያሕያ


አልዩ አምባ
ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ያሕያ

የአላህ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። ያዕቁብ አይጽፍልህም። ሞቷል፤ አላህ ይርሐመው።

እስካሁን ያልጻፍኩት እጄ እምቢ ስላለኝ ነው። በገበያ ቀን፣ ከዙሁር ሶላት በፊት ነበር። ብርቱካኑን ከአህያው እያወረደ ነበር። እኔ ቤት ነበርኩ። የመድፍ ጥይት ነው አሉ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ በአካባቢው አንድም ወታደር የሌለ፣ ጠብ የለ፣ ጩኸት የለ። ስደርስ ሰዎች ያዙኝ፤ እንዳላይ። ጀናዛውን በነጠላ ጠቅልለው ሲያወጡት እንዲያ የሚያክል ልጅ እንዴት በዚያች ነጠላ በቃው ብዬ ጠየቅኩ።

ሐዘኑን ሳልጨርስ ተነሥቼ ሄድኩ። አባቴ እንዳደረገው ለመንግሥት ልናገር ብዬ። ቀበሌው ተዘግቷል፤ ወረዳ ሂጂ አሉኝ። ወረዳው ይህ ከአቅማችን በላይ ነው፣ ደብረ ብርሃን ሂጂ አለኝ። ደብረ ብርሃን በትሕትና አስቀመጡኝ፣ ሻይ አዘዙልኝ፣ የልጄን ስም ጻፉ። የኛ ወገን አይደለም፣ እነዚያ ናቸው አሉኝ። ወደ እነዚያም ሰው ላክሁ፤ አልተኮስንም፣ እነሱ ናቸው፣ አላህ ያጽናሽ ብለው መለሱልኝ። ሁሉም አዘኑልኝ። ልጄን የገደለው ግን አንድም ሰው የለም።

የአጎቴን ገዳይ አውቀው ነበር። በስሙ እረግመው ነበር፤ ልጆቹን መንገድ ላይ ሳይ ፊቴን አዞር ነበር። ለያዕቁብ ማንን ልርገም? ሶላት ላይ ቆሜ ዱዓዬ ከአፌ አይወጣም፤ ወደ ማን እንደማዞረው አላውቅም።

ገንዘብ አልፈልግም፣ መድኃኒትም አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ፦ እዚያ ያሉትን ሽማግሌ ጠይቅልኝ። ገዳዩ ያልታወቀ እንደሆነ እነሱ ምን ያደርጋሉ?

ነሲባ


ሎፔሪ
ግንቦት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

እናቴ ሆይ፣ አክስቴ ልልዎ አልቻልኩም

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ያዕቁብን በጀነት ያኑረው፤ ለእርስዎም ሶብሩን ይስጥዎ። ደብዳቤውን ያነበብኩት ማሽኑ ላይ ቆሜ ነው። ሞተሩ እየጮኸ ስለነበር ስጮህ ማንም አልሰማኝም።

ሎኮዴን ጠየቅኳቸው። በመጀመሪያ አልገባቸውም። መድፍ ምን ያህል እንደሚርቅ በእጄ አሳየሁ፤ ከዚህ ተተኩሶ ከዚያ ተራራ ማዶ ይገድላል አልኩ። የተኮሰው ሰው የሞተውን አያየውም ወይ አሉ። አያየውም። የሞተው ሰው ምን ወስዶበት ነበር አሉ። ምንም። ታዲያ ተኩስ ያለው ማነው አሉ። አለቃው። አለቃውንስ? የሱ አለቃ። እንዲህ ስንወጣ ስንወጣ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። በመጨረሻ፣ “ለእንዲህ ያለ ሞት እኛ ሥርዓት የለንም” አሉኝ።

በማግስቱ ሴት ልጃቸውን በቅል ወተት አስይዘው ለለቅሶ ላኩልኝ። በድርቅ ወር ነው፤ ለልጅ ልጆቻቸው የሚበቃ ወተት የላቸውም። ጠጣሁት። ሌላ የምልክልዎ መልስ የለኝም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ ያሕያ


አልዩ አምባ
ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ያሕያ

ሰላምና ጤና ይስጥህ፤ ሽማግሌውንም አላህ ይስጥልኝ በልልኝ። ያንተ ደብዳቤ እስኪደርሰኝ ክረምቱ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገርህ፤ ተቀምጠህ አንብበው።

መስከረም መጨረሻ አንዲት ሴት ደጄ ላይ ተንበርክካ አገኘኋት። በዕድሜ እኩያዬ ትሆናለች፣ ክርስቲያን ናት፤ አንገቷ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክማለች። እግሯ ከአንኮበር ቁልቁል ስትወርድ ተልጧል። ይመኙሻል ትባላለች፣ ከደነባ ነው የመጣችው። የያዕቁብ እናት አንቺ ነሽ ወይ አለችኝ። ነኝ ስላት፣ “ልጅሽን የገደለው መድፍ ላይ ልጄ ነበረበት” አለች።

ገብቼ በሩን ዘጋሁት። ቀልቤ ሲመለስ ግድግዳውን ይዤ ቆሜ ነበር። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ፤ አንዳንዱ ትባረር ይላል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። ኢማሙ መጥተው ብትምሪያትም ባትምሪያትም መብትሽ ነው ብለውኝ ሄዱ። የዐስር ሶላት ሰግጄ ስወጣ ፀሐዩ ላይ እንዳለች ነበረች።

ጠየቅኳት። ልጇ ታሞ ወደ ቤቱ ተመልሷል፤ አይተኛም፣ አይበላም። ለሷ ብቻ ነው የተናገረው። በመድፉ ላይ ያሉት ብዙ ናቸው፤ የሷ ልጅ ጥይቱን ተሸክሞ የሚያቀብል ነው። ቁጥር በሬዲዮ ይነገራቸዋል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ አፈሙዙን በቁጥሩ ያዞራል፣ አንዱ ይተኩሳል። ቁጥሩ ገበያ መሆኑን፣ የሞተውንም ስም የሰሙት ከሳምንት በኋላ ነው። የማን ወገን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ያን ያወቅኩ እንደሆነ ነገሩ ተመልሶ ከእጄ የሚያመልጥ መሰለኝ።

“ሌሎቹ እናቶችስ?” አልኳት።

“አልሰሙም ይሆናል። እኔ ከሰማሁ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም” አለችኝ።

ድንጋዩን አወረድኩላት። ይቅር ብዬሻለሁ አላልኩም፤ አንገቷ ሲንቀጠቀጥ ማየት ስላልቻልኩ ነው። ውኃ ሰጠኋት፤ እግሯን አጠብኩላት። እያጠብኩም ልቤ እንደ ድንጋይ ነበር፣ አልዋሽህም። ከዚያ ያን ቁጥር የሰጣቸው ማነው አልኳት። ልጇ ስሙን ነግሯታል፤ የጣርማ በር ሰው ነው፣ የነሱ አዛዥ። ውሰጂኝ አልኳት። ሳታመነታ እሺ አለች።

ኬላው ሲላላ ጠብቀን ሄድን። ደብረ ብርሃን ይሁኔ አሳደረን፤ ብርድ ልብስም አልብሶ ላከን። በመንገድ ላይ የምናገረውን ሳሰላ ነበር። ዓይኑን አይቼ እጠይቀዋለሁ፣ ከሱ በላይ ያለውን ስም ከነገረኝም ወደዚያው እሄዳለሁ፣ አዲስ አበባም ቢሆን እሄዳለሁ እል ነበር። ይመኙሻል ዝም ብላ ትሰማኛለች።

ጣርማ በር ስንደርስ ጉም ነበር። የአዛዡን ቤት ስንጠይቅ ሰዉ ሁሉ ቀና ብሎ አይቶን በእጁ አመለከተን። ደጃፉ ላይ ድንኳን ተተክሏል። የአዛዡ ሬሳ የመጣው በሞተ በሦስተኛው ቀን ነው አሉን፤ ከሩቅ በተተኮሰ መድፍ ነው የሞተው፣ ማን እንደተኮሰው አይታወቅም።

ይመኙሻል እንመለስ ስትለኝ ሰማኋት። መመለስ ግን እንዴት ይሆናል? ለቅሶ ቤት ደጃፍ ድረስ መጥቶ ዞሮ የሚሄድ ሰው ማነው? እንዲሁ ገባሁ። እናቱ ዘርፈሽዋል ትባላለች፤ ጥቁር ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ፊቷን ቧጥጣዋለች። ሴቶቹ የእስላም ሴት መሆኔን በአለባበሴ አይተው ቦታ ለቀቁልኝ። ንፍሮ ሰጡኝ። ያዝኩት፤ አልበላሁትም። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ብዙ ሰው መጥቶ ሄደ። አንዴ ብቻ ወደ እኔ ዞራ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ “ገዳዩን የሚነግረኝ አጣሁ” አለችኝ። ቀጥላም፣

“እህቴ፣ ልጄን በምን ታውቂዋለሽ?” አለችኝ።

ያን ሁሉ መንገድ ሳሰላ የመጣሁት ቃል አንዱም አልመጣልኝም።

“ከልጄ ጋር ይተዋወቃሉ” አልኳት።

“ልጅሽስ ደህና ነው?”

“እሱም አርፏል” አልኳት።

ያሕያ፣ ያቺ ሴት የራሷን ትታ ተነሣች። በሁለት እጇ አንገቴን አቅፋ፣ ስሙን ጠይቃኝ፣ ያዕቁቤ ያዕቁቤ እያለች ለኔ ልጅ አለቀሰችለት። ድንኳኑ ሙሉ ሴት በስሙ አለቀሰ። እኔ ከተቀበረ ጀምሮ ዕንባ አልወጣኝም ነበር፤ የዚያን ቀን ወጣኝ።

አልነገርኳትም። ልነግራት ይገባ እንደሆነ አንተ ንገረኝ፤ ካልሆነም ሽማግሌውን ጠይቅልኝ። ከዚያ ከተመለስኩ ወዲህ ደንግጬ እንዳለሁ ነው፤ ሌሊት የዘርፈሽዋልን ስም እየጠራሁ እነቃለሁ።

ተቃቅፈን ሳለ በትከሻዋ በኩል ይመኙሻልን አየኋት። ከድንኳኑ ውጭ ጉሙ ውስጥ ቆማለች፤ መግባት አቅቷት።

አክስትህ ነሲባ